በእናቴ ድምፅ

በትምህርት ቤታችን ዳይሬክተሩን የሚፈራ ብዙ ተማሪ አልነበረም። የሚፈሩት ሚስስ ካንጋስ ነበሩ። ሥራቸው ቀሪ መመዝገብ ነው። ከዋናው በር አጠገብ ባለችው ጠባብ ቢሮ አንድ ጥቁር ስልክና አንድ ትልቅ መዝገብ ፊታቸው አድርገው ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጠዋል። ደንባቸው ቀላል ነው፤ ልጅ የሚቀር ከሆነ ወላጅ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ደውሎ ያሳውቃል። ካላሳወቀ እሳቸው ይደውላሉ። ቤት ሰው ካጡ መሥሪያ ቤት፣ መሥሪያ ቤት ካጡ ጸጉር ቤት፣ ጸጉር ቤት ካጡ መጠጥ ቤት ይደውላሉ። አንድ አባት ጥርሱን ሊነቀል አፉን እንደከፈተ፣ ሐኪሙ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞለት «ልጅህ የት ነው?» ተብሎ ተጠይቋል እየተባለ ይወራ ነበር። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እኛ ግን አምነናል።

እኔ በአሥራ አራት ዓመቴ፣ በብርዱ ወራት፣ እኚህን ሴት ስድስት ሳምንት ሙሉ አታለልኳቸው። እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ።

አባቴ የብረት ማዕድን ማውጫው በተዘጋ በሁለተኛው ወር ሥራ ፍለጋ ወደ ቴክሳስ ሄደ። መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ቀጥሎ በየወሩ ደብዳቤ ይመጣ ነበር፤ ከዚያ ቀረ። እናቴ ማርሊስ ከኅዳር ጀምሮ ከአልጋ መነሳት ተወች። አትጮህም፣ አታለቅስም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች። «ደክሞኛል ዳርላዬ፣ ነገ እነሳለሁ» ትለኛለች። እኔም ድካም ነው ብዬ ተቀበልኩ። ምን ሠርታ ነው ይህን ያህል የምትደክመው እያልኩ የምበሳጭባትም ጊዜ ነበር። በሽታ መሆኑን፣ ስምና ሕክምና ያለው በሽታ መሆኑን ያወቅኩት ራሴ እናት ከሆንኩ በኋላ ነው።

ታናሽ እህቴ ጆሊን አራት ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤት አልገባችም። ጠዋት ጠዋት እንጀራ ፍለጋ እንደሚሮጥ ሰው እሯሯጥ ነበር፤ ምድጃውን አቀጣጥላለሁ፣ ለጆሊን አጃ አፈላለሁ፣ እናቴ ራስጌ ውሃ አስቀምጣለሁ፣ ከዚያ ለጆሊን «እማዬ አልጋ ላይ ቁጭ በይ፣ ምድጃውን እንዳትነኪ» ብዬ አውቶቡስ ላይ እሮጣለሁ። ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ የማስበው ያንን ምድጃ ነው።

ለማንም አልተናገርኩም። ምክንያት ነበረኝ። ባለፈው ዓመት የጎረቤቶቻችን የፔልቶ ቤተሰብ እናት ሆስፒታል ስትገባ አንድ አረንጓዴ የአውራጃው የሕፃናት ጉዳይ ቢሮ መኪና መጣና ሦስቱን ልጆች ወሰዳቸው። ለሦስት ቤት አከፋፈሏቸው። ትንሹ ልጅ በመኪናው የኋላ መስታወት የወንድሙን ስም እየጠራ ሲሄድ በመስኮታችን አይቻለሁ። ስለዚህ በዚያ ዓመት የኔ ጸሎት አንድ ብቻ ነበር፤ ማንም እንዳያውቅ፣ እኔና ጆሊን እንዳንለያይ።

በጥር መጀመሪያ ጆሊንን ትኩሳት ያዛት። ጥያት መሄድ አልቻልኩም። ካልደወልኩ ደግሞ ሚስስ ካንጋስ መደወላቸው ነው። ኩሽና ግድግዳ ላይ ያለውን ስልክ አነሳሁና ጉሮሮዬን አጽድቼ፣ ድምፄን እንደ እናቴ አጎርንኜ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ለቀቅኩት።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ሚስስ ኦያላ ነኝ፣ ልጄ ዳርላ ስላመማት ዛሬ አትመጣም፣ አመሰግናለሁ።»

 

«እሺ ሚስስ ኦያላ» አሉ ሚስስ ካንጋስ ቀስ ብለው። «ምኗን ነው ያመማት?»

«ትኩሳት ነው።»

«ቁርስ በልታለች?»

«በልታለች።»

«እርስዎስ በልተዋል?»

ምን አገባት ይቺ ወሬኛ አሮጊት፣ አልኩ በሆዴ። «በልቻለሁ» አልኩ በአፌ።

«ጎሽ። እንግዲህ ትኩሳት ከሆነ ብርድ ልብስ አይከምሩባት። አንድ ይበቃታል። ሾርባ ካለ ትንሽ ትንሽ እያሉ ይስጧት፤ ባይኖር የሞቀ ውሃ በስኳር። እስከ ማታ ካልወረደላት የቤቴ ቁጥር ይኸውልዎት፣ ይጻፉት። በማንኛውም ሰዓት ይደውሉ።»

እኔ ጆሊን ላይ አራት ብርድ ልብስ ከምሬባት ነበር። ስልኩን ዘጋሁና ሦስቱን አነሳሁ። ቁጥሩንም በእርሳስ ግድግዳው ላይ ጻፍኩት። ከዚያ ኩሽና መሐል ቆሜ ሳቅኩ። መላው ከተማ የሚፈራቸውን ሴት ሸወድኳቸው!

ከዚያ በኋላ በሳምንት አንዴም ሁለቴም እደውል ጀመር። ሚስስ ካንጋስ ሁሌ አንድ ነገር ይጨምራሉ። «እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ሌሊቱን ምድጃው አጠገብ ይደርድሩት።» «የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ከሌለዎት ተራ ሳሙና ይፋቁበት።» «ለልጅቷ እንደሷ የሚሠራ የለም ብለው ይንገሩልኝ።» ለአንዲት ትልቅ ሴት ይህን ሁሉ ምን አስነገራቸው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ሥራ ፈት ናቸው ብዬ ደመደምኩ።

በዚያው ሰሞን ግን ትምህርት ቤት ውስጥ ነገሩ ሁሉ እየጠበበብኝ መጣ። የትምህርት ቤቱ ነርስ ሚስስ ትሬሎር በየማክሰኞው ከክፍል አስጠርታ ትመዝነኛለች። «ሚዛኑ ተበላሽቶ ልሞክረው ነው» ትላለች፤ ሚዛኑ ላይ ሳለሁ ግን ጠረጴዛዋ ላይ ብስኩትና ወተት ይቀመጣል፤ ካልጨረስኩ አትለቀኝም። የጽዳትና የጥገና ሠራተኛው ጊዶ ኮሪደር ላይ አስቁሞኝ አንድ ጥንድ ቦት ጫማ ወረወረልኝ።

«ይህን የጠፋ ዕቃ ሣጥን ውስጥ አገኘሁት። ያንቺ አይደለም?»

«አይደለም።»

«ነው እንጂ! እግርሽን አየሁት፣ ያንቺ ነው። ውሰጂልኝ፣ መጋዘኔን አጨናንቆታል።»

የትምህርት ቤቱ ምግብ ቤት ሴትዮ ደግሞ በሥጋና በድንች የተሞላ ፓስቲ በወረቀት ጠቅልላ «ተርፎ ነው፣ ለውሻችሁ» ብላ ቦርሳዬ ውስጥ ትከታለች። ውሻ የለንም። እኔና ጆሊን እናቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠን እንበላዋለን፤ አንዳንድ ቀን እናቴም ሁለት ጉርሻ ትወስዳለች።

ዛሬ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ያኔ ግን ሁሉም እየሰለሉኝ መሰለኝ። ክብደቴን የሚመዘግቡት ለአውራጃው ሊያስረክቡኝ ነው አልኩ። ጫማውን አድርጌ እየተጓዝኩ ጊዶን እረግመው ነበር።

የካቲት ሲገባ አንድ ጠዋት እንደለመድኩት ደወልኩ። ሚስስ ካንጋስ ስለ ሾርባም ስለ እንጨትም አላነሱም። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሚስስ ኦያላ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ በደንብ ያድምጡኝ። እዚህ ትምህርት ቤት ደንብ አለ። ልጆች ባሉበት ቤት የቆመ ትልቅ ሰው እንደሌለ ካወቅኩ በዚያው ቀን ለአውራጃው ማመልከት አለብኝ። በዚያው ቀን። ስለዚህ እኔ አልጠይቅዎትም፤ እርስዎም አይንገሩኝ። ነገር ግን ሐሙስ ሚስስ ትሬሎር በዚያ በኩል ታልፋለች። ለትምህርት ቤት ሳይሆን እንዲያው ለሰላምታ። በር ይክፈቱላት። እባክዎ።»

የሰማሁት «አውራጃ» የሚለውን ብቻ ነው። ማስፈራሪያ ነው ብዬ ወሰድኩት። እየለመኑኝ እንደነበር፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን እየዘረጉልኝ እንደነበር የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ሐሙስ ነርሷ መጣች። እኔና ጆሊን ሶፋው ጀርባ ተደበቅን። የጆሊንን አፍ በእጄ አፍኜ ያዝኩ፤ ትንፋሿ መዳፌን ያሞቀዋል። ሚስስ ትሬሎር አንኳኳች፣ ተጣራች፣ በመስኮት አየች፣ ደግማ አንኳኳች። ከዚያ ደረጃው ላይ የቆመችበት በረዶ ሲንኮሻኮሽ ሰማን፤ ሄደች። ደረጃው ላይ አንድ ድስት ሾርባ ትታ ነበር። አንጀቴ እየጮኸ ለክፉ ነው ብዬ በረዶው ላይ ደፋሁት።

በአምስተኛው ቀን ማክሰኞ ጠዋት እናቴ አልነቃ አለች። ነቀነቅኳት። ስሟን ጠራሁ። ከንፈሯ ደርቋል፤ አፏ ትንሽ ተከፍቷል፤ ራስጌዋ ካለው ብርጭቆ አጠገብ የእንቅልፍ ኪኒን ጠርሙስ ባዶውን ተጋድሟል። ጆሊን ፒጃማዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። ሰዓቱን አየሁ፤ ሦስት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ከሦስት በፊት መደወል አለብኝ። ያን ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ይህ ብቻ ነው። ሐኪም ልጥራ፣ ጎረቤት ልጥራ አላልኩም፤ ቀሪ እንዳልባል ሮጥኩ።

«ሚስስ ኦያላ ነኝ፣ ልጄ ዛሬ አትመጣም።» ድምፄ በመሐል ተሰበረ።

«ሌሊቱን በደህና አደሩ?»

«አዎ።»

«ሚስስ ኦያላ፣ ምን ሆነዋል?»

የስልኩን ገመድ ጣቴ ላይ ጠመጠምኩ።

«ዳርላ» አሉኝ። ልክ እንደዚህ፣ በስሜ። «ልጄ፣ አንቺ መሆንሽን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። አሁን እሱን ተይው። አልቆጣሽም። እናትሽ ትተነፍሳለች?»

ያን ጊዜ አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። እኔ ግን አረንጓዴዋ መኪና ታየችኝ፤ የጆሊን ፊት በኋላ መስታወቷ ታየኝ። እናቴ መሞቷ ይሁን መኖሯ ሳላውቅ፣ በእናቴ ድምፅ፣ «ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። በሕይወቴ ካደረግኩት ሁሉ ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነው።

ስልኩ ወዲያው ጮኸ። አላነሳሁትም። ትንሽ ቆይቶ የጊዶ ፒካፕ በረዶውን እያረሰ መጣ፤ ጊዶ በሩን በትከሻው ሰበረው። ነርሷ ቦርሳዋን ይዛ ወደ መኝታ ቤት ሮጠች። ከኋላቸው ሚስስ ካንጋስ ገቡ። ካፖርት አልለበሱም፤ የቢሮ ጫማቸው በበረዶ ተሞልቷል። ከቢሯቸው ባንኮኒ ጀርባ ተነሥተው ቆመው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር፤ አጭር ሴት ነበሩ። ሊያቅፉኝ እጃቸውን ሲዘረጉ ነከስኳቸው። እስኪደማ። እጃቸውን አልሳቡትም።

እናቴ ተረፈች። በአምቡላንስ ወደ ትልቁ ከተማ ሆስፒታል ወሰዷት። ከሰዓት በኋላ አረንጓዴዋ መኪና መጣች። ሚስስ ካንጋስ የተነከሰ እጃቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ከመኪናው ሰውዬ ጋር ደረጃው ላይ ሲከራከሩ አየሁ። ይኸው አሳልፈው ሰጡን አልኩ።

የወሰዱን ግን ወደ ሁለት ቤት አይደለም። አንዲት ላም አርቢ ሴት እኔንም ጆሊንንም አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ ሰጠችን። የነገረችኝም እሷ ናት። «እኔ አንድ ልጅ እንጂ ሁለት አልቀበልም ብዬ ነበር» አለችኝ ላም እያለበች። «ያቺ የትምህርት ቤታችሁ ሴትዮ አውራጃው ቢሮ ቁጭ ብላ አልነሳም አለች። በስልክ ለምናኝ አልበቃትም፣ በረዶውን ጥሳ እዚህ ድረስ መጣች። እህትማማቾቹን ካልለያየሽልኝ በየቅዳሜው መጥቼ በረትሽን እጠርጋለሁ አለችኝ። ይኸው ትጠርጋለች።»

እውነትም ቅዳሜ መጡ። አካፋ ይዘው በረቱን ጠረጉ። እጃቸው ላይ የጥርሴ ምልክት ነበር። ይቅርታ ልላቸው ፈልጌ አቃተኝና ሌላውን አካፋ አንሥቼ አጠገባቸው ጠረግኩ።

በሚያዝያ የትምህርት ቤቱ ቦርድ ስብሰባ ጠራ። ሚስስ ካንጋስ ተከሰዋል ተባለ። በምን እንደሆነ ማንም በቅጡ አላስረዳኝም፤ ልጅ ስለሆንኩ ቃሌን ብቻ ይፈልጉታል። እኔ የተረዳሁት እንዲህ ነው፤ አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ስድስት ሳምንት ሙሉ አታልላቸዋለች፣ ሥራቸውን አያውቁም፣ ሞኝ ናቸው ተብለው ነው። ስለዚህ ሞኝ እንዳልነበሩ ማስመስከር የኔ ፋንታ ነው አልኩ። ሌሊቱን ሁሉ አልጋ ውስጥ የምናገረውን ስለማመድ አደርኩ።

ስብሰባው በቤተ መጻሕፍቱ ነበር። አምስት ሰዎች ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። ሚስስ ካንጋስ የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን ለብሰው በአንድ በኩል ተቀምጠዋል። ከመግባቴ በፊት የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ፣ ቀጭን መነጽራም ሰውዬ፣ ኮሪደሩ ላይ ጎንበስ አለልኝ።

«ስሚ የኔ ልጅ፣ የተጠየቅሽውን ብቻ፣ አጠር አድርገሽ። እሳቸው ምን እንደሚያውቁ አላውቅም በይ። ሌላ ምንም አትጨምሪ። ገባሽ?»

ገብቶኛል አልኩት። የገባኝ የሚስስ ካንጋስን ደግነት ሊያስደብቀኝ የመጣ ጠላት መሆኑ ነበር።

የቦርዱ ሰብሳቢ ስሜን ጠየቀኝ፤ ስለ ስልኩ ጠየቀኝ። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ዳርላ፣ የምትደውይው አንቺ መሆንሽን ሚስስ ካንጋስ ያውቁ ነበር ወይ?»

«ያውቁ ነበር!» አልኩ። ብድግ ብዬ ቆምኩ። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቁ ነበር። ራሳቸው ነግረውኛል። ማንም አያታልላቸውም! የጆሊንን ትኩሳት እንዴት እንደማበርድ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። በየጊዜው በልታችኋል ወይ ይሉኝ ነበር። ነርሷንም የላኩት እሳቸው ናቸው። ሁሉንም ያውቁ ነበር፣ ሁሉንም!»

መነጽራሙ ሰውዬ ዓይኑን ጨፈነ። ከቦርዱ አባላት አንዷ ሴት አንገቷን ደፋች። በደስታ ፊቴ ይነድዳል፤ ያፈሩት በራሳቸው መስሎኝ ነበር።

ሰብሳቢው ወደ ሚስስ ካንጋስ ዞረ። 

«ልጅቷ የምትለው እውነት ነው?»

መነጽራሙ ክንዳቸውን ያዝ አደረጋቸው። ሚስስ ካንጋስ እጁን ቀስ ብለው አነሱለት።

«እሷ አትዋሽም» አሉ።

«በምን አወቁ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ስልክ አንሥቻለሁ። በዚህ ከተማ በበረዶ ወራት የምትደውል እናት ሁሉ መጀመሪያ በረዶ ጠራጊው መኪና በእናንተ በኩል አለፈ ወይ ትለኛለች። ባሏ የሞተባት እንኳ እሱን ሳትጠይቅ ወደ ጉዳይዋ አትገባም። ይቺ ስልኩን እንዳነሳሁ ጉዳይዋን ነገረችኝ። ልጅ ናት አልኩ።»

አንድ ሰው ሳቀ። ሰብሳቢው አልሳቀም።

«ካወቁ ለምን አላመለከቱም?»

«በየሳምንቱ ሁለት ልጅ አብሮ የሚቀበል ቤት አለ ወይ እያልኩ አውራጃውን በደፈናው እጠይቅ ነበር። የለም ይሉኛል። እስኪገኝ ልጠብቅ አልኩ።»

«እናትየው ልትሞት ነበር።»

«አዎ» አሉ ሚስስ ካንጋስ። ድምፃቸው ወረደ። «ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ምንም አላስብም።»

አስወጡኝ። ከትንሽ ጊዜ በኋላ እሳቸውም ለዕረፍት ወጡና ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ካልኩበት መጡ።

«ደህና አድርጌ ተናገርኩ?» አልኳቸው።

አዩኝ። የተነከሰ እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ አሳረፉት።

«ከኔ የተሻለ ተናገርሽ» አሉኝ።

በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ከባንኮኒው ጀርባ ሌላ ሴት ተቀምጣ ነበር። ሚስስ ካንጋስ ጡረታ ወጥተው እህታቸው ጋ ሄደዋል አሉኝ፤ ደስ አለኝ። እናቴም ያኔ ድና ወጥታ ወደ ቤታችን ተመልሰን ስለነበር ዓለም ሁሉ የተስተካከለ መሰለኝ።

እውነቱን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። በዚያው ምሽት አራት ለአንድ በሆነ ድምፅ አባረሯቸው። እያወቁ ስላለማመልከታቸው ከኔ ቃል በቀር አንድም ማስረጃ አልነበረም። ዝም ብል፣ ወይም መነጽራሙ እንዳለኝ አላውቅም ብል፣ በማግስቱ ወንበራቸው ላይ ይቀመጡ ነበር።

«ለምን እስከዛሬ አልነገርሽኝም?» ብዬ ጮኽኩባት።

«ሚስስ ካንጋስ አስማለችኝ» አለች እናቴ። «እሱን ልጅቷ ካወቀች ሁለተኛ እውነት አትናገርም አለችኝ።» ከዚያ ቆይታ፣ «በመጀመሪያው ቀን ብታመለክት ኖሮ እኔ ያን ኪኒን ሳልውጥ ያሳክሙኝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ብታመለክት ኖሮ ደግሞ ጆሊንን የት እንዳደረሷት እንኳ አናውቅም ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት አሰብኩት፤ ልፈርድባት አልቻልኩም፣ ላመሰግናትም በቅጡ አልቻልኩም» አለችኝ።

ሚስስ ካንጋስ በዚያን ጊዜ ከሞቱ አራት ዓመታቸው ነበር። ይቅርታ የምለው ሰው አጣሁ። እጃቸውን መንከሴን ይቅር ብለውኛል፣ አውቃለሁ። ቦርዱ ፊት ለተናገርኩት ግን እኔ ራሴን ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ያን ቀን ግን ይህ ሁሉ የለም። እሳቸው ተመልሰው ገቡ፤ የቤተ መጻሕፍቱ በር ተዘጋ። እኔ የትምህርት ቤቱን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወረድኩ። በረዶው እየቀለጠ መንገዱ ሁሉ ውሃ ነበር። ጆሊን በአሳዳጊያችን መኪና መስኮት ግማሽ ሰውነቷን አውጥታ ትጠብቀኛለች።

«ምን አሏቸው?» አለችኝ።

«አትፍሪ» አልኳት፤ ትንፋሽ አጥሮኝ፣ እየሳቅኩ። «ሁሉንም ነገርኳቸው። እኔ ባልናገር ኖሮ ያባርሯቸው ነበር።»